በአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የተከፈተ የትምህርት በር

ኮምፒዩተር በየሰዉ ኪስ ሲዞር ለምናይ ለእኛ ተማሪዎች፥ የኮምፒዩተር ሰዓት በገንዘብ ይገዛ እንደ ነበረ ስንሰማ ያስደንቀናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ፥ የሌክሳይድ ትምህርት ቤት የእናቶች ማኅበር አሮጌ ዕቃ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ አንድ ቴሌታይፕ አስገባ። ይኸውም በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚጻጻፍ የጽሕፈት መኪና ነው።

መምህራኑም ለነገሩ አዲስ ስለ ነበሩ፥ የ13 ዓመቱ ቢል ጌትስና በክፍል የሚቀድመው ፖል አለን እየሳቱና እያረሙ በራሳቸው ተማሩ። ሰዎች «ያለ አስተማሪ የተማሩ» ይሏቸዋል፤ እኛ ግን እናቶቹ ሊረሱ አይገባም እንላለን። የተከፈለበት ሰዓት ቶሎ ስላለቀ፥ ልጆቹ ከአንድ የከተማው የኮምፒዩተር ኩባንያ ጋር ተስማሙ፤ እነርሱ የፕሮግራሙን ስሕተት ፈልገው ሊያወጡ፥ ኩባንያውም ሰዓት በነፃ ሊሰጣቸው። የሌላውን ስሕተት ሲፈልጉ የሊቃውንቱን አሠራር አወቁ።

የጌትስ የልብ ጓደኛ ኬንት ኢቫንስ በ1972 ዓ.ም. ተራራ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። አብሮ የጀመረውን የትምህርት ቤቱን የክፍል ድልድል ፕሮግራም ጌትስና አለን ፈጸሙት።

በ1975 ዓ.ም. አልቴር 8800 የሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር ወጣ። ሁለቱ መኪናውን ሳይዙ፥ ጠባዩን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አስመስለው ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ አዘጋጁለት፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍትን አቋቋሙ። አስቀድሞ ግን አለን ሥራውን ይዞ በአውሮፕላን ወደ አልበከርኪ መሄድ ነበረበት። እዚያም 2 ሲደመር 2 ስንት እንደ ሆነ አልቴርን ጠየቀው፤ መኪናውም 4 ብሎ ጻፈ።