ስለ አስታ ታሪክና በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ስለ መትከሉ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ሕንፃውና ስለ አገልጋዮቹ ሌሎች ጽፈዋልና፥ እኔ ስለ አንድ የደጋ ቍጥቋጦ ጥቂት እጽፋለሁ፤ እርሱም አስታ ነው።

አስታ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፥ አበባው ነጭና ትንሽ ደወል የሚመስል፥ ንብ የሚቀስመው ተክል ነው። በወፍ ዋሻ ደን አናትና በመንዝ ጓሳ ይገኛል። ይኸው ዘር በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል፤ የዚያ አገር ሰዎች ከሥሩ ጕጥ የትምባሆ ፒፓ ይጠርባሉ፤ የእኛ ሰው ግን ማገዶ አደረገው።

የጓሳን ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ዘግተው፥ በበጋ ይከፍቱታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። በ1967 ዓመተ ምሕረት የመሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ቍጥቋጦውም ለሚደርስበት ሁሉ ሆነ። ኋላ ሕዝቡ በአዲስ ደንብ እንደ ገና መጠበቅ ጀመረ። በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ደጋውን ወረሰ፤ ቶሎ ያድጋልና ምድጃችንን አድኖልናል፥ አላማውም። አስታ ግን አዝጋሚ ስለ ሆነ ተካይ አላገኘም።

አስታ ቢቆረጥ፥ ቢቃጠልም እንኳ፥ ከጕጡ ያቆጠቍጣል፤ ጕጡ ተቆፍሮ ሲወጣ ግን ነገሩ አበቃ።

ዘር ከዚህ አገር ተነሥቶ መሄዱ አዲስ አይደለም፤ የመናገሻ ጽድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በተወሰደ ዘር ተተከለ ተብሎ ይተረካል። ለአስታም እንዲሁ ቢደረግ መልካም ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነውና አፈር አይለብስም፤ በተነፋ አፈር ላይ ተበትኖ በጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ውኃም በርከክታ ይጠጣል። ከእናቱ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ቢጨመርበት ይረዳዋል፤ በዚያ አፈር ውስጥ ሥሩን የሚመግብ ረቂቅ ሻጋታ አለና። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጨቅላውን እንዳይጎዳው በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሣር ይልበስ። ችግኙ ሲጠና በሐምሌ ዝናም፥ ሥሩ ሳይነካ፥ ከነአፈሩ ይተከላል። ኖራና አመድ አይወድም፤ ስለዚህ ቦታው የምድጃ አመድ ከሚደፋበት ከቤተ ልሔሙ ጓሮ የራቀ ይሁን።