ከናምጋር እስከ ዩኒቨርሲቲ፤ የሳንካራዴቫ ስም በአሳም ምድር

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ታላቁ የብራህማፑትራ ወንዝ አቋርጦት በሚያልፈው በአሳም ክፍለ ሀገር፣ ናጋኦን በምትባለው ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በወጣ ሕግ ተቋቋመ፤ በተከታዩም ዓመት ትምህርት ጀመረ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙም ማሃፑሩሻ ሽሪማንታ ሳንካራዴቫ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ያቋቋመው መንግሥት ሳይሆን በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የሳንካራዴቫ ተከታዮች ማኅበር ነው። የትምህርት ቤት ስም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዕዳም አለበት። የዚህን ዕዳ ልክ ለመረዳት የባለ ስሙን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል።

ሳንካራዴቫ በ1449 ዓ.ም. ከናጋኦን ብዙም በማይርቀው በቦርዶዋ አካባቢ፣ ቡያን ከሚባሉት ባለ መሬቶች ወገን ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደገችው አያቱ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ማሄንድራ ካንዳሊ ከተባለው መምህር ዘንድ ገባ። ትውፊት እንደሚለው፣ ልጁ ገና የአናባቢ ምልክቶችን ሳይማር ምልክት በሌላቸው ፊደላት ብቻ ግጥም ገጠመ፤ በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ የግዕዙን ረድፍ ብቻ ይዞ ቅኔ እንደ መቀኘት ያህል ነው።

በ1481 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ቅዱሳን ቦታዎች ለመሳለም ወጥቶ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ከተመለሰም በኋላ ለአንድ አምላክ ብቻ መገዛትን፣ የእንስሳት መሥዋዕትን መተውን ያስተምር ጀመር። በዚያን ጊዜ የሃይማኖት መጻሕፍት በሳንስክሪት የተጻፉ ስለ ነበሩ ትርጓሜያቸው በጥቂት ካህናት እጅ ነበር። እርሱ ግን ከባጋቫታ ብዙውን ክፍል ሕዝቡ ወደሚናገረው ቋንቋ መለሰው። ማንበብ ለማይችለውም መዝሙርና ባለ አንድ ገቢር ድራማ ደረሰለት።

በአሳም ሕዝብ ዘንድ ስለ አንድ ግድብ የሚነገር ትውፊት አለ። ቡያኖቹ የቴምቡዋኒን ጅረት በአፈር ሊገድቡ ቢደክሙም ውኃው እየናደ አስቸገራቸው። ሳንካራዴቫም ንጽሕት የሆነች ሚስት በዓሣ ማጥመጃ ቅርጫት ውኃ ቀድታ ብታመጣ ግድቡ ይጸናል አለ። ከታላላቆቹ ወገን ይህን ለማድረግ የቻለች አልተገኘችም። ውኃውን ያመጣችው ራዲካ የተባለች፣ ዝቅ ተደርጎ ከሚታየው የዓሣ አጥማጆች ወገን የሆነች ሴት ነበረች። መሐንዲስ ይህን እንደ ግንባታ ዘገባ አይቀበለውም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ግድቡን ማን አጸናው ሲባል የማንን ስም ለማስታወስ እንደ መረጠ ያስረዳል። ከደቀ መዛሙርቱም መካከል ከጋሮ ነገድ የመጣው ጎቪንዳና ከእስላም ወገን የሆነው ቻንድሳይ ይጠቀሳሉ።

የትምህርቱ ማደሪያ ናምጋር ነው፤ ትርጓሜውም የአምላክ ስም የሚጠራበት ቤት ማለት ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ረጅም አዳራሽ ሲሆን፣ በምሥራቁ ጫፍ ባለው መቅደስ የሚቀመጠው ምስል ሳይሆን ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ቀድሞ በእንጨት፣ በቀርከሃና በሣር ይሠራ ነበር፤ ኋላም ጡብና ቆርቆሮ ገባበት። የሚሠራውና የሚያድሰው የመንደሩ ሰው ራሱ ነው። በዚያው ጣሪያ ሥር ይጸለያል፣ ድራማ ይታያል፣ የመንደሩም ጉዳይ ይመከራል።

ይህ ሁሉ ያለ መከራ አልሆነም። በአሆም ነገሥታት ግዛት ሳለ፣ የዝሆን አደን ሲደረግ በቡያኖቹ በኩል ዝሆኖች አመለጡ ተብሎ ሃሪ የተባለው አማቹ ተገደለ፤ ዋናው ደቀ መዝሙሩ ማድሃቭዴቫም ታሰረ። ስለዚህ ሳንካራዴቫ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮች መንግሥት ተሰደደ። እዚያም ካህናት ከሰሱት፤ ንጉሥ ናራናራያን ግን ክርክሩን ሰምቶ አከበረው። በንጉሡ ወንድም በቺላራይ ጥያቄ፣ ሸማኔዎችን እየመራ የክሪሽናን ታሪክ የሚያሳይ ታላቅ የሐር ጨርቅ አሠራ። በ1568 ዓ.ም. በዚያው በኮች ምድር ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ ተከታዮቹ በየገዳማቱ ተከፋፈሉ፤ በብዙዎቹም ውስጥ እርሱ የነቀፈው የዘር ደረጃ ተመልሶ ገባ። የ1930ው ማኅበር የተነሣው ይህን በመቃወም ነው። ስለዚህ የናጋኦኑ ዩኒቨርሲቲ ለሙት መታሰቢያ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ያልተቋጨ ክርክር ፍሬ ነው። መንግሥትም በበኩሉ በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በጉዋሃቲ ከተማ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሰው ስም ሰይሟል።

ነገር ግን ናምጋርና ዩኒቨርሲቲ አንድ አይደሉም። ወደ ናምጋር ለመግባት ፈተናም ሆነ ክፍያ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ያለ ፈተና፣ ያለ መምህራን ደመወዝና ያለ ቤተ ሙከራ ወጪ ሊቆም አይችልም። በሕግ የግል ተቋም ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን ደግሞ ጭንቀቱ ይበረታል። ሳንካራዴቫ ዕውቀትን ከጥቂቶች ቋንቋ አውጥቶ ለብዙኃን ሰጠ። በስሙ የተሠራው ቤት የሚመዘነውም በሕንጻው ቁመት ወይም በሚሰጠው ዲግሪ ብዛት ሳይሆን፣ የዓሣ አጥማጇ የራዲካ ወገን ልጅ በደጃፉ ገብቶ በመውጣቱ ነው።