ሃርድ ዲስኩ ላይ የደወለው ተማሪ

ስሙኝማ! ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1991፣ አገሩ ፊንላንድ፣ ከተማው ሄልሲንኪ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ዓመቱ እንደ ባተ 386 ኮምፒውተር ገዛ፤ ሚሞሪው 4 ሜጋባይት። ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ለማስተማሪያ የሠሩትን ሚኒክስ የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነበት። ከዚያ በሚኒክስ እየሠራ፣ እዚያው ማሽን ላይ የራሱን ሌላ ሲስተም ይጽፍ ገባ። ኋላ ሊኑክስ የተባለው ይኸው ነው። አንድ ዲስክ ተከፍሎ ለሁለት ሲስተም ማደሪያ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያላችሁ አንድ ቀን በሞደም ወደ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሊደውል ተነሣ። ለሞደሙ መላክ የነበረበትን ትእዛዝ ለሃርድ ዲስኩ ላከው። ዲስክ ደግሞ የተሰጠውን ይጽፋል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። የመደወያው ትእዛዝና የስልክ ቁጥሩ ሚኒክስ ያለበት ክፍል ላይ፣ ያውም ዋናው ቦታ ላይ፣ ተጻፈ። ሚኒክስ በዚያው ጠፋ።

ልብ በሉልኝ! ቫይረስ አልገባም፤ ዲስኩ አልተሰበረም፤ ሁለቱ ሲስተሞችም እርስ በርስ አልተጣሉም። በሞደሙ ስም ፈንታ የዲስኩን ስም መስጠት፣ የአንድ ስም መሳሳት ነው። ሊነስ ሚኒክስን መልሶ አልጫነም፤ በሊኑክሱ ቀጠለ። የእናንተ ላፕቶፕ ላይ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ የልጅ ፎቶ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ልትጨምሩ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። የገለበጣችሁትን ከፍታችሁ እዩት። ከዚያ ዲስኩን ንቀሉት፤ ያልተሰካ ዲስክ በስህተት ፎርማት አይደረግም። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አነሳሱ ሲለወጥ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቃችሁ ይችላል። ለኡቡንቱ የሚሆነውን ቦታ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ከዊንዶውሱ ክፍል ቀንሱ። የዊንዶውሱን ፈጣን ማስነሻም አጥፉ። እሱ እያለ ዊንዶውስ ተዘጋ ቢባልም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በዚያ ሁኔታ ሊኑክስ ገብቶ ቢጽፍበት ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ኡቡንቱን በፍላሽ አስነሥታችሁ ሳትጭኑት ሞክሩት፤ ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ባትሪውንም ሞልታችሁ ግቡበት፤ ክፍልፋዮቹ በሚቀየሩበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ባትሪው ያወጣችኋል።

አሁን ያቺ የሄልሲንኪዋ ሰዓት ደረሰች፤ ጫኚው የት ልጫን ብሎ የሚጠይቅባት። እዚህ አትቸኩሉ። ዲስኩን በስሙም በመጠኑም ለዩት። ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን ምርጫ ትታችሁ ከዊንዶውስ ጎን የሚጭነውን ምረጡ። በእጃችሁ የምትከፋፍሉ ከሆነ የኢኤፍአይ ክፍሉን ፎርማት አታድርጉ፤ ሁለቱም ሲስተሞች የሚነሡት ከእሱ ነው።

ለመቅመስ ያህል ብቻ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ቨርቹዋልቦክስ ይበልጣል፤ ሊኑክሱ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ እንደ አንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ክፍልፋይ አይነካም።

ጨርሳችሁ ዊንዶውስ ስትከፍቱ አዲስ አበባ ላይ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር አትደንግጡ፤ ምንም አልተበላሸም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዛል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ሊኑክሱን በአገር ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ ብታዙት ይስተካከላል።