ቤተ ክርስቲያን በሕግ ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የመንግሥት ሕግ ስለ ሃይማኖት ያለው ቃል ሲለዋወጥ የኢትዮጵያ ምእመናን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አይተዋል። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የታወጀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ደነገገ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ የአድባራትና የገዳማት ርስትም አብሮ ተወሰደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ወሰነ።

ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ምእመናን ያገኙት ሕግ ከእነዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖትን እንዳያቋቁም፣ አምልኮንም እንዳይከለክል አገደ፤ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ግን አልበየነም።

ይህ ሕግ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የተፈተነው በኒው ዮርክ ከተማ ባለው የሩሲያውያን የቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ በአሜሪካ የነበሩት ሩሲያውያን ምእመናን አብዛኞቹ ከሞስኮ አስተዳደር ስለ ተለዩ ካቴድራሉ የማን እንደሆነ ክርክር ተነሣ። የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ሕግ አስተዳደሩን ለተለዩት ሰጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ያን ሕግ ሻረ። ጊዜው አሜሪካ ከሶቭየት ኅብረት ጋር የነበራት ጠብ የበረታበት ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያንን አስተዳደር የምትወስነው ራሷ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ምክር ቤት እንዳልሆነ ዳኞቹ ፈረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ዳኞች ወደ ትምህርተ ሃይማኖት ሳይገቡ የባለቤትነት ሰነድንና የመተዳደሪያ ደንብን በማንበብ የንብረት ክርክርን እንዲዳኙ ፈቀደ። ስለዚህ ደብሩ ለማን እንደሚታዘዝ፣ ሕንፃውም በማን ስም እንደ ተመዘገበ አስቀድሞ በጽሑፍ መኖሩ ታላቅ ነገር ነው። ወንድማማቾች በተለያዩ ቀን በችሎት የሚነበበው ያ ጽሑፍ ነውና።

በስደት ያለች ቤተ ክርስቲያን እንደ ቀድሞው የንጉሥ ድጋፍ የላትም፤ ያላት ቀኖናዋ፣ ደንቧና የልጆቿ አንድነት ነው። በምሥረታ በዓል ቀን የመሥራቾች ድካም ሲታሰብ፣ የጻፉት ደንብም ከቀኖናውና ከቃለ ዐዋዲው ጋር ተመሳክሮ ቢነበብ፣ ተተኪው ትውልድ ሕንፃውን ከነሰላሙ ይረከባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።