የአትባራና የሰቲት ዓሣ

የሱዳኑ የገዳሪፍ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የመተማ ጦርነትና የሰሊጥ ንግድ ስለሚቀድሙ፥ ከጎንደር ምድር የሚወርዱት ጓንግና አንገረብ፥ ከላስታም ተነሥቶ ሰቲት የሚባለው ተከዜ አትባራን ሲሞሉ ይዘውት የሚሄዱት ዓሣ ከዝክረ ነገር ውጭ ቀርቷል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በበጋ ሲደርስ አትባራ ተቋርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ፥ ዓሣው፥ አዞውና ጉማሬው በየጥልቁ ተጠጋግተው ነበር፤ በሰኔ ግን ድምፁ እንደ ነጎድጓድ የሚያስተጋባ ደራሽ በሌሊት መጥቶ፥ ሲነጋ ደረቁ አሸዋ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ።

በአስዋን ውኃ ርስታቸው ለሰጠመባቸው የወዲ ሐልፋ ኑባውያን መስኖ ተብሎ በ1964 በአትባራ ላይ የተፈጸመው የኸሽም ኤል ግርባ ግድብ ለአጥማጅ ሰፊ ባሕር ከፈተ፤ ይሁን እንጂ የእኛው ተራራ አፈር መጀመሪያ 1.3 ቢልዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረውን ሐይቅ ስለ ሞላው፥ ከ1971 ጀምሮ ደለሉ በክረምት በበሮቹ ይጠረጋል፤ ያን ጊዜ ስንጥቡ በጭቃ የተደፈነ ዓሣ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፥ የዳር ነዋሪም ይለቅመዋል።

ደርቆ በመተማ ወደ ሱዳን የሚሻገረው የጣና ዓሣም ዕድሉ አልተሻለም። በ1986 ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ፥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባርበስ የሚባለው ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፦ ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጣ በወንዙ አፍ ላይ ይጠመዳል። በሰሜን ባሕር ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መረብ ባረፈ ጊዜ ጠፍጣፋው ዓሣ በዝቶና ገዝፎ ተገኝቷል። እንግዲህ ወደ ጣና የሚገቡት የርብና የጉማራ ወንዞች አፍ ከነሐሴ እስከ መስከረም ለመረብ ሊዘጋ ይገባል።