ጣራ የሌለው ምስክር፦ የበርሊኑ «ግራጫ ገዳም» ቤተ ክርስቲያን

በበርሊን ከተማ መካከል፣ ክሎስተርሽትራሰ በተባለው ጎዳና ዳር፣ ጣራ የሌለው ቀይ የጡብ ሕንፃ ቆሞ ይታያል። ዝናብና በረዶ ያለ ከልካይ ይወርድበታል። ይህ የቀድሞው የፍራንሲስካን መነኮሳት ገዳም ቤተ ክርስቲያን ነው። መነኮሳቱ ይለብሱት ከነበረው ግራጫ ቀሚስ የተነሣ የከተማው ሕዝብ «ግራጫው ገዳም» ሲል ሰይሞታል። የዚህ ሕንፃ ታሪክ በጦርነት የፈረሰ ቅርስ ምን ሊደረግ ይገባዋል የሚለውን ከባድ ጥያቄ ያስነሣል።

ፍራንሲስካኖች ወደ በርሊን የመጡት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከቀደሙት ብዙ ገዳማውያን በተለየ መልኩ ከሰው ርቀው በጫካ አልሰፈሩም፤ ድህነትን መርሕ አድርገው በከተማ ውስጥ፣ በነጋዴውና በእጅ ባለሙያው መካከል ይሰብኩ ነበር። የኪነ ሕንፃቸውም ጠባይ ከዚሁ የመነጨ ነው። በ1260 በናርቦን ከተማ የተሰበሰበው የማኅበሩ ጉባኤ ከፍ ያለ የደወል ግንብ እንዳይሠራ ደንግጓል። ለሰባኪው ያስፈልግ የነበረው ብዙ አድማጭ የሚይዝ ሰፊ አዳራሽ ነበር።

በአካባቢው ለጥርብ የሚሆን የድንጋይ ካባ የለም፤ ያለው ከእርሻ የሚለቀም ድንጋይና የሸክላ አፈር ነው። ከመጀመሪያው የድንጋይ ሥራ የቀረው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ይታያል። ዋናው ሕንፃ ግን የጡብ ነው። በ1290 አንድ ባላባት በበርሊንና በቴምፕልሆፍ መካከል የነበረ የጡብ መሥሪያ ለመነኮሳቱ ሰጥቷል። ስማቸው ያልተመዘገበ ሠራተኞች አፈሩን ረግጠው፣ በቅርጽ አውጥተውና በእሳት ተኩሰው ይህን ግድግዳ አቆሙ።

ሕንፃው የጎቲክ ሥነ ጥበብ መጀመሪያ ዘመን ሥራ ነው። አዳራሹ ሹል ቅስቶችን በተሸከሙ ዓምዶች በሦስት ይከፈላል፤ መካከለኛው ክፍል ከግራና ከቀኙ ከፍ ይላል። በ1300 ገደማ በምሥራቅ በኩል የተጨመረው የመነኮሳቱ ማኅሌት ከዐሥር ማዕዘን ሰባቱን ጎን ይዞ፣ ከመካከለኛው አዳራሽ ይልቅ ሰፍቶ ተሠርቷል። ረጃጅም መስኮቶቹ ከየአቅጣጫው ብርሃን ያስገባሉ። ከጠባቡ ወደ ሰፊው የሚሻገር ሰው የሚያገኘው ይህ የቦታና የብርሃን ለውጥ የግንበኞቹን ብስለት ያሳያል።

በ1539 የብራንደንቡርግ ገዥ የሉተርን ተሐድሶ ሲቀበል የገዳሙ ሕይወት ማብቂያው ተቃረበ። በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ማተሚያ ቤት ተተከለ፤ በ1574 ደግሞ የበርሊን የመጀመሪያው ጂምናዚየም ተከፈተ። ቀራፂው ሻዶ፣ የሕንፃ ጠበብቱ ሺንክልና ፖለቲከኛው ቢስማርክ በዚህ ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት እድሳት የተጨመሩት ትናንሽ ግንቦች፣ የቀድሞውን ቀላል መልክ ስለሸፈኑ፣ ከ1926 እስከ 1936 በተካሄደው ሥራ ተነሥተዋል።

በሚያዝያ 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ የአየር ድብደባ ቤተ ክርስቲያኑንና ትምህርት ቤቱን አፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዕጣ ተለያየ። የትምህርት ቤቱ ፍርስራሽ በ1968 ለመንገድ ማስፋፊያ ሲባል ተጠረገ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ግን ተጠግኖ እንዲቆም ተደረገ። በ1950 የፈረሰው የበርሊን ቤተ መንግሥት ሁለት የዓምድ ራሶችም በቅጥሩ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ሕንፃውን እንደ አዲስ መሥራት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የጦርነቱ ቁስል አብሮ ይሸፈን ነበር። ፍርስራሽን እንደ ፍርስራሽ ማቆየትም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ጣራ ያጣ ጡብ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃውም በክረምት ሲረጋ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። ስለዚህ የግንበኛ እጅ ሳይለየው በ2003 እና በ2004 ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቅርጻ ቅርጽና የሥነ ጥበብ ትርኢቶች ይታዩበታል፤ ሙዚቃም ይሰማበታል። ለአድማጭ የተሠራው አዳራሽ ዛሬም ሕዝብ ይሰበሰብበታል፤ የፈረሰውንም፣ ያፈረሰውንም ሳይደብቅ ይመሰክራል።