እንግዳና የአትክልት ሥፍራ፦ የሴይስ ኮርት ጥፋትና ያስተማረው ትምህርት

እንግዳን መቀበል በሁሉም ሕዝብ ዘንድ የተከበረ ልማድ ነው። በሀገራችን መሽቶበት ከደጃፍ የቆመ መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ በር የማይከፈትለት ከስንት አንድ ነበር። ይሁንና ያው እንግዳ አክባሪ ሕዝብ «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» እያለ፣ ለእንግድነትም ልክ እንዳለው ያስገነዝባል። ለመሆኑ ይህን ልክ የሚወስነው ማን ነው? ባለቤቱ ነው ወይስ እንግዳው? እንግዳው ከባለቤቱ የበለጠ ኃያል በሆነ ጊዜስ ምን ይደረጋል? ጥያቄው ከቤት ይልቅ በአትክልት ሥፍራ ይከብዳል፤ የተሰበረ ወንበር በሳምንት ሲተካ፣ የተበላሸ የዛፍ አጥር ግን ዳግመኛ ለማደግ የሰው ዕድሜ እኩሌታ ይጠይቃልና። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር የደረሰን አንድ ታሪክ ከሌሎች ጋር እያነጻጸረ ጉዳዩን ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአርባ ዓመት ድካም

ጆን ኢቭሊን (1620–1706) የሮያል ሶሳይቲ ከተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር መሥራቾች አንዱና ስመ ጥር ጸሐፊ ነበር። በ1664 ያሳተመው «ሲልቫ» የተባለው መጽሐፉ ስለ ደን ዛፎችና ስለ አተካከላቸው የሚያስተምር ሲሆን፣ ደራሲውን እጅግ አስመስግኖታል። መኖሪያው ከለንደን በታች በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ፣ ዴትፎርድ በተባለው ሥፍራ የሚገኘው ሴይስ ኮርት ነበር። በጥር ወር 1653 አትክልቱን መቀየስ ጀመረ። ከዚያም ወዲህ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዛፉን እየተከለ፣ የፍራፍሬውን ተክል እየገረዘ፣ የጠጠር መንገዱን እየደለደለ፣ ሥፍራውን በአገሩ ከታወቁት የአትክልት ቦታዎች አንዱ አደረገው።

ከሁሉ የሚመካበት ግን ሆሊ ከሚባለው፣ ቅጠሉ እሾሃማና ዓመቱን ሙሉ ለምለም ከሆነው ዛፍ ያበቀለው አጥር ነበር። ራሱ እንደ መዘገበው፣ ይህ አጥር ርዝመቱ 400 ጫማ፣ ቁመቱ 9 ጫማ፣ ውፍረቱም 5 ጫማ ያህል ነበር። ሆሊ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ቅጥር ለማየት የሚበቃው ታጋሽ አትክልተኛ ብቻ ነው።

ኢቭሊን በ1694 ዎተን ወደተባለው የአባቶቹ ርስት ሄደ። በ1696ም ሴይስ ኮርትን ጆን ቤንቦው ለተባለ የባሕር ኃይል ሹም አከራየ። ቤንቦው ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቤቱን ለሌላ እንግዳ ለቀቀ። ይህ እንግዳ የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ ነበር።

ሊከለከል የማይችል እንግዳ

ጴጥሮስ በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። አገሩን በአዲስ ጥበብ ለማደስ ስለፈለገ፣ ማንነቱን ሰውሮ ከመልእክተኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ አውሮፓ መጥቶ፣ በሆላንድ የመርከብ ሥራን እንደ ተራ ሠራተኛ ሲማር ከርሟል። በ1698 መጀመሪያ ለንደን ሲገባ፣ የንጉሡ የመርከብ መሥሪያ ከሴይስ ኮርት አጠገብ ስለ ነበረ ቤቱ ተመረጠለት። ወደ መርከብ መሥሪያው በቀላሉ ይመላለስ ዘንድ የግቢው ግንብ ተፈልፍሎ በር እንደ ወጣለትም ይነገራል።

የቤቱ ባለቤት እንግዳውን አልጋበዘም፤ ሊከለክለውም አይችልም ነበር። ንጉሥ ዊልያም ሣልሳዊ ያሳረፉትን ንጉሥ «አይሆንም» የሚል ዜጋ አይገኝም። የኢቭሊን አሽከር ለጌታው በጻፈው ደብዳቤ ቤቱ በሰው እንደ ተጨናነቀና ሰዎቹም እጅግ ቆሻሾች እንደ ሆኑ ከማመልከት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም።

እንግዶቹ በሚያዝያ ወር ሲሄዱ ጥፋቱ ተገለጠ። ኢቭሊን በሰኔ ወር ወደ ዴትፎርድ ሄዶ ቤቱ የደረሰበትን ጉዳት ካየ በኋላ፣ ታዋቂው መሐንዲስ ሰር ክሪስቶፈር ሬንና የቤተ መንግሥቱ አትክልተኛ ጆርጅ ለንደን ኪሣራውን ገመቱ። ወደ ሦስት መቶ የሚደርሱ የመስኮት መስታወቶች ተሰብረዋል፤ ወንበሮች ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል፤ ሥዕሎች ተቀዳደው ክፈፋቸው ተሰባብሯል። በአትክልቱም ውስጥ እንግዶቹ ይዘሉበትና ይጫወቱበት የነበረው የሣር መስክ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል፤ የጓሮ አትክልት መደቡን አረም ውጦታል፤ የፍራፍሬው ዛፍ ሳይገረዝ፣ አጥሩም ሳይስተካከል ቀርቷል።

ስለ አጥሩ የሚተረከው ግን ከዚህም ይብሳል። ጴጥሮስ በባለ አንድ እግር የእጅ ጋሪ ተቀምጦ ባልንጀሮቹ እየገፉት በሆሊው አጥር ውስጥ ይነዳ ነበር ይባላል። ታሪኩ በቅብብል መጋነኑ አይቀርም፤ ሆኖም በኪሣራው ዝርዝር ውስጥ ሦስት የእጅ ጋሪዎች ተሰብረው እንደ ጠፉ መመዝገቡ፣ ነገሩ ጨርሶ ፈጠራ እንዳልሆነ ያመለክታል።

የእንግሊዝ ግምጃ ቤት በጠቅላላው 350 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ካሣ ከፈለ። ከዚህም ለኢቭሊን የደረሰው 162 ፓውንድ ከ7 ሽልንግ ነበር። የመስታወቱና የወንበሩ ዋጋ በዚህ ተሸፈነ። ነገር ግን ኢቭሊን ገና በ1653 ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነበር፤ በ1698 ደግሞ የሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌ። ግምጃ ቤቱ አጥሩን እንደገና የሚያሳድግበትን ዕድሜ ሊከፍለው አይችልም። በ1706 በወጣው የ«ሲልቫ» እትም ስለዚያ አጥር ሲያወሳ፣ አትክልቱ አሁን የፈረሰ መሆኑን ገልጾ ለመስኮቡ ንጉሥ የምፀት ምስጋና አቅርቧል። በዚያው ዓመት አረፈ።

ሌሎች ያበጁት ዘዴ

የአትክልት ባለቤቶች ይህን መሰሉን ችግር ለመቋቋም ልዩ ልዩ መንገድ ሞክረዋል። በሮም ከተማ ካርዲናሎችና መኳንንት የአትክልታቸውን ሕግ በላቲን በድንጋይ ላይ አስቀርጸው በግቢያቸው ያቆሙ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ አትክልት የቆመው ጽሑፍ መንፈሱ ለጋስ ነው፤ መጪው እንደ ልቡ እንዲዘዋወር ይጋብዝና፣ ሥፍራው ከባለቤቱ ይልቅ ለእንግዶች እንደ ተዘጋጀ ይናገራል። መልካም ጠባይን የሚጥስ ሰው ግን ይህን ወዳጅነት እንደሚያጣ ያስጠነቅቃል። ይህ ልግስና ለሕዝቡ ልማድ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የቦርጌዜ ቤተ ሰብ በሩን ለመዝጋት በሞከረ ጊዜ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በ1887 የሕዝቡ የመጠቀም መብት ጸና። በ1901 መንግሥት ሥፍራውን ገዛው፤ በ1903ም ወደ ከተማው ተዛወረ።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሆራስ ዎልፖል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመረጠው መንገድ ከዚህ ይለያል። ስትሮውቤሪ ሂል የተባለውን መኖሪያውን ለማየት የሚመጣው ሰው ስለ በዛበት የታተመ ደንብ አወጣ። በቀን አንድ ቡድን፣ ያውም ከአራት ሰው የማይበልጥ፣ በቲኬት ብቻ እንዲገባ፣ ሕፃናትም እንዳይመጡ አዘዘ። ይህም ሆኖ አንድ ጎብኚ የጥንት የእብነ በረድ ንስሩን የምንቃር ጫፍ ሰብሮ፣ ስባሪውን በኪሱ ይዞ እንደ ሄደ በደብዳቤው አማርሯል። ዎልፖል ለዚህ ተጠያቂ ያደረገው ባለጌ ያለውን ተራ ሰው ነበር።

ታሪክ ግን የዎልፖልን ፍርድ አይደግፍም። በፈረንሳይ የንጉሡ ሚኒስትር ኮልቤር የቲዊለሪን አትክልት ለሕዝብ ሊዘጋ ባሰበ ጊዜ፣ ደራሲው ሻርል ፔሮ ተከራክሮት ነበር። ኮልቤርም አትክልተኞቹን ሕዝቡ ምን እንደሚያበላሽ ቢጠይቃቸው፣ ሰዉ እየተመላለሰ ከማየት በቀር አንዳች እንደማይነካ መሰከሩለት። በሩም ሳይዘጋ ቀረ። የፓሪስ ነዋሪ አበባ ሳይቀጥፍ ሲመላለስ፣ የሴይስ ኮርትን የአርባ ዓመት ሥራ በሦስት ወር ያበላሸው ዘውድ የጫነ ሰው ነበር። ልዩነቱ የመደብ ብልግና ወይም ጨዋነት ሳይሆን የተጠያቂነት ነው። የፓሪሱ ሰው በሩ ሊዘጋበት እንደሚችል ያውቃል፤ ጴጥሮስን ግን ማንም በር ሊዘጋበት አይችልም ነበር።

ማጠቃለያ

ጴጥሮስ ራሱ ከጊዜ በኋላ የአትክልት ባለቤት ሆኗል። በ1704 በፒተርስበርግ የበጋ አትክልት የተባለውን መሠረተ፤ የፒተርሆፍንም ቤተ መንግሥት አሠራ። ለፒተርሆፍ እንግዶች ባወጣው ደንብም ማንም ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ እንዳይተኛ ከልክሏል። እንግዳ ሳለ ያላወቀውን ልክ ባለቤት ሲሆን አወቀው ማለት ነው።

ሴይስ ኮርት ወደ ቀድሞ ክብሩ አልተመለሰም። ሆኖም በ1884 የኢቭሊን ዘር የሆነ ባለርስት ከአትክልቱ የተረፈውን ለሕዝብ ለማስጠበቅ አስቦ ኦክታቪያ ሂል ከተባለችው የማኅበራዊ ኑሮ ተሟጋች ጋር ቢመክር፣ እንዲህ ያለውን ሥፍራ በአደራ ተቀብሎ የሚጠብቅ በሕግ የታወቀ ድርጅት አልተገኘም። ከዚህና ከመሰል ችግሮች የተነሣ በ1895 ናሽናል ትረስት የተባለው የእንግሊዝ የቅርስ ባለአደራ ማኅበር ተቋቋመ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ካሣ ከጥፋት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ብቻውን አትክልትን እንደማይጠብቅ ነው። የሚጠብቀው ትንሹንም ትልቁንም እኩል የሚገዛ፣ እንግዳው ከመግባቱ በፊት የታወቀ ደንብ ነው። ትውልድ ተክሎ ለትውልድ የሚያስተላልፈው ዛፍ በባለቤቱ ትሕትናና በእንግዳው መልካም ፈቃድ ብቻ ሊጠበቅ እንደማይችል የሴይስ ኮርት አጥር ምስክር ነው።